ለመጻተኛው ስንት ነው? የዋጋ ልዩነት በታሪክና በሕግ ፊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሣራ በኬብሮን ዐረፈች። አብርሃም አልቅሶላት ከተነሣ በኋላ ወደ ኬጢ ልጆች ሄዶ ለመቃብር የሚሆን ቦታ ጠየቀ። በዚያች ምድር ብዙ ዘመን ቢቀመጥም አንዲት ስንዝር ርስት አልነበረውም፤ ራሱንም ያስተዋወቀው መጻተኛ መሆኑን በመናገር ነው። የፈለጋት በኤፍሮን እርሻ ዳር ያለችውን የመክፈላን ዋሻ ነበር። ኤፍሮን በከተማይቱ በር በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት በመጀመሪያ በነጻ ሊሰጠው እንደሚወድ ተናገረ፤ አብርሃም ዋጋውን ካልከፈልሁ ብሎ ሲጸና ግን በወዳጆች መካከል የማይቆጠር ጥቂት ነገር አስመስሎ 400 ሰቅል ብር መሆኑን ጣል አደረገለት። አብርሃም ዋጋውን ዝቅ አድርግልኝ አላለም። በነጋዴዎች ዘንድ በሚታወቀው ሚዛን ብሩን መዝኖ ሰጠው (ዘፍ. 23)።

ይህ ምን ያህል ገንዘብ ነው? በይሁዳ ምድር በቁፋሮ የተገኙት የኋለኛው ዘመን የድንጋይ መመዘኛዎች አንድ ሰቅል ከ11 ግራም ጥቂት እንደሚበልጥ ያሳያሉ፤ በዚያ ልክ ካሰብነው ኤፍሮን የተቀበለው አራት ኪሎ ተኩል የሚያህል ብር ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ዳዊት የኦርናን አውድማ ከበሬዎቹ ጋር የገዛው በ50 ሰቅል ብር እንደ ሆነ በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 24 ተጽፏል። ነቢዩ ኤርምያስም በዓናቶት ያለውን የአጎቱን ልጅ እርሻ በ17 ሰቅል ገዝቷል (ኤር. 32)። እርግጥ ንጽጽሩ ጥንቃቄ ይሻል። ዘመናቱ የተራራቁ ናቸው፤ የእርሻዎቹ ስፋት አልተነገረም፤ ኤርምያስ በገዛ ጊዜ ደግሞ የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ከብቦ ነበርና መሬት ዋጋ ቢያጣ አያስደንቅም። ስለዚህ ኤፍሮንን በሌለበት አቁመን አንፈርድበትም።

ሆኖም ታሪኩን ለሚያጤን ሰው የገዢው ሁኔታ ጎልቶ ይታየዋል። ገዢው እንግዳ ነው፤ አማራጭ መሬት የሚያቀርብለት ዘመድ የለውም። አስከሬን ስላለበት ዋጋ እስኪወርድ ሊጠብቅ አይችልም። ባለጠግነቱም በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ሻጭ ዋጋውን ከፍ ለማድረግ የሚፈልገው ነገር ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ተሰብስቧል። ለኬጢ ወገን የሆነ ጎረቤት ስለዚያው ዋሻ ቢጠይቅ ኤፍሮን 400 ይለው ነበርን? ደግሞም አስተውሉ፤ ስለ ሰዶም ሰዎች ከእግዚአብሔር ጋር ከ50 ጀምሮ እስከ 10 ድረስ እየቀነሰ የተከራከረው ይኸው አብርሃም ነው። ስለ ሌሎች ነፍስ መከራከር የሚያውቀው አባት ስለ ራሱ ኪስ ሲሆን ዝም አለ።

በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው የወደድነው ይህንኑ ጥያቄ ነው፤ አንዱን ዕቃ ለአንዱ በዚህ፣ ለሌላው በዚያ ዋጋ መሸጥ ፍትሐዊ ነውን? ሕግስ ይፈቅደዋልን? ብዙዎቻችን መልሱ ቀላል ይመስለናል። አንዳንዱ ሻጭና ገዢ ከተስማሙ ሦስተኛ ሰው ምን አገባው ይላል። ሌላው ደግሞ ዋጋ ለሁሉም እኩል ካልሆነ ግፍ ነው ይላል። ታሪክ ግን ለሁለቱም አያደላም።

ሁለት ድንጋይ በአንድ ከረጢት

በጥንቱ ዓለም የሳንቲም ገንዘብ ከመስፋፋቱ በፊት ነጋዴ መመዘኛ ድንጋዮቹን በከረጢት ይዞ ይዞር ነበር። ማታለል የሚሻው ሁለት ዓይነት ይይዛል፤ ሲገዛ በከባዱ፣ ሲሸጥ በቀላሉ ይመዝናል። የሚጠራው ዋጋ ለሁሉም አንድ ነው፤ በእውነት የሚከፈለው ግን እንደ ሰውየው ይለያያል። ሚዛን የሚያውቀውን ሽማግሌ አያታልለውም፤ ባልቴቷንና መንገደኛውን ያታልላል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 25 ትልቅና ትንሽ መመዘኛ በአንድነት መያዝን የከለከለችው ይህን የገበያ ብልሃት ስለምታውቅ ነው። ነቢዩ አሞጽም በምዕራፍ 8 መስፈሪያውን እያሳነሱ፣ ሰቅሉን እያከበዱ ድኻውን የሚበሉትን የሰማርያን ነጋዴዎች ገሥጿል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 አቀማመጥ ነው። በቁጥር 33 እና 34 በአገር ውስጥ የሚቀመጠውን እንግዳ እንዳይበድሉት፣ እንዲያውም እንደ ራሳቸው እንዲወዱት እስራኤልን ያዛል፤ እነርሱም በግብፅ እንግዶች እንደ ነበሩ ያስታውሳቸዋል። ወዲያው በሚቀጥለው ቁጥር ስለ ትክክለኛ ሚዛንና መስፈሪያ ይናገራል። የእንግዳው ሕግና የሚዛኑ ሕግ ጎን ለጎን የተቀመጡት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። እንግዳ ሰው መበደሉን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ በፍርድ ቤት ሳይሆን በገበያ ነው፤ የአገሩን ዋጋ አያውቅምና።

እንግዲህ ኦሪት ዋጋ በምንም ምክንያት አይለያይ ትላለች ማለት ነውን? አይደለም። በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 25 ላይ እርሻ የሚሸጥበት ዋጋ ወደ ኢዮቤልዩ በቀሩት ዓመታት ቁጥር ከፍና ዝቅ እንዲል ታዝዟል። ኢዮቤልዩ ሲደርስ መሬቱ ወደ ባለ ርስቱ ስለሚመለስ ገዢው የሚገዛው በእውነቱ የመከሩን ዓመታት ነው። 40 ዓመት የቀረውና 4 ዓመት የቀረው እርሻ እኩል ዋጋ ቢጠየቅባቸው ነበር ግፍ የሚሆነው። እዚህ ላይ ልዩነቱ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ከሰውየው ፊት ሳይሆን ከዕቃው የሚመጣ ነው፤ ማንም ዓመቱን ቆጥሮ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ከዚህ የሚጠልቅ ደግሞ አለ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 ሕዝቡ በሚቆጠርበት ጊዜ 20 ዓመት የሞላው ሁሉ ስለ ነፍሱ ግማሽ ሰቅል እንዲሰጥ ሲታዘዝ ባለጠጋው እንዳይጨምር፣ ድኻውም እንዳይቀንስ ተደንግጓል። በእግዚአብሔር ፊት የነፍስ ዋጋ እኩል መሆኑን ለማሳየት ክፍያውም እኩል ሆነ። የወለደች ሴት የምታቀርበው መሥዋዕት ግን እንዲህ አልነበረም። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 የዓመት ጠቦት እንድታቀርብ ያዝና አቅም ከሌላት ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ግልገሎች እንዲበቁላት ይፈቅዳል። ስእለት የተሳለ ድኻ ቢኖርም ካህኑ እንደ ችሎታው እንዲገምትለት በምዕራፍ 27 ተጽፏል። በየዓመቱ የካቲት 8 ቀን የስምዖንን በዓል ስናከብር የምናስበው ታሪክ በዚህ ሕግ ላይ የቆመ ነው። እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ልጇን በ40 ቀኑ ወደ ቤተ መቅደስ ይዛ በሄደች ጊዜ የቀረበው የድኾች መሥዋዕት መሆኑን ቅዱስ ሉቃስ መዝግቦልናል። በዛሬው አነጋገር በቅናሽ ዋጋ ገባች ማለት ነው። ቅናሹ በሕግ የተጻፈ ስለ ነበር ማንንም አልለመነችም፤ ካህኑም ፊቷን አይቶ የጨመረው ወይም የተወው ነገር የለም።

ኋላ የመጡ ሕግ ዐዋቂዎች ጥያቄውን ወደ ቁጥር መለሱት። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ200 ዓመት ገደማ የተጠናቀረው ሚሽና የተባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ከዕቃው ዋጋ አንድ ስድስተኛ የሚደርስን ብልጫ እንደ ማታለል ይቆጥረዋል፤ ገዢውም ዕቃውን ለነጋዴ ወይም ለዘመዱ እስኪያሳይ ድረስ ጊዜ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ534 በመጨረሻ መልኩ የወጣው የዮስጢንያኖስ ሕግ ደግሞ መሬቱን ከእውነተኛ ዋጋው ከግማሽ በታች የሸጠ ሰው ሽያጩን እንዲያፈርስ ወይም ገዢው ጉድለቱን እንዲሞላለት ይፈቅዳል። ቁጥሩ ለዳኛ ይጠቅማል። ነገር ግን ስንት ተበለጠ ብሎ ይጠይቃል እንጂ ማን ተበለጠ ብሎ አይጠይቅም። አንድ አምስተኛ ለባለጠጋ ምንም አይደለም፤ ለቀን ሠራተኛ ግን የልጆቹ እራት ነው።

ዋጋን አንድ ጊዜ መናገር

በግብፅ በረሓ በአስቄጥስና በአካባቢዋ የነበሩት መነኮሳት ከሰው ርቀው ቢኖሩም ከገበያ ፈጽመው አልተለዩም። ከዘንባባ ቅርጫትና ገመድ እየሠሩ ወደ ከተማ አውርደው ይሸጡ ነበር፤ የዕለት ጉርሳቸውና ለድኻ የሚመጸውቱት የሚገኘው ከዚያ ነውና። በግብፅ ገበያ ደግሞ ያለ ክርክር የሚሸጥ ነገር አልነበረም። መነኩሴው እንግዲህ ምን ያድርግ?

ስለ አባ አጋቶንና ስለ አባ አሞን የተነገረው እንዲህ ነው። የሚሸጡት ነገር ሲኖራቸው ዋጋውን አንድ ጊዜ ብቻ ይናገሩና የተሰጣቸውን በዝምታና በሰላም ይቀበላሉ፤ ሲገዙም ሻጩ የጠራውን ዋጋ ያለ ክርክር ከፍለው ዕቃውን ይወስዳሉ። አንድ ወንድም የእጁን ሥራ ሲሸጥ ኅሊናው እንደሚታወክ ለአባ ጲስታሞን በነገረው ጊዜ ደግሞ አረጋዊው ታላላቅ አባቶችም ይሸጡ እንደ ነበር፣ መሸጥ በራሱ ነፍስን እንደማይጎዳ አጽናንቶ የዋጋውን ነገር አስተማረው፤ ዋጋውን አንድ ጊዜ ተናገር፣ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ማድረግ ብትፈልግ በእጅህ ነው የሚል ምክር ነበር።

ይህን ምክር ቆም ብለን እናጢነው። አረጋዊው ለሁሉም አንድ ዋጋ ብቻ ተቀበል አላለም፤ ለአንዱ ዝቅ ማድረግን ፈቅዷል። ከተናገሩት በላይ ከፍ ማድረግ ግን በምክሩ ውስጥ ቦታ የለውም። የዋጋ ልዩነት በአባቶች ዘንድ መንገዱ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው፤ ከታወቀው ዋጋ ወደ ታች። በኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ መምህሩ በሰሌዳው ላይ መስመር ሲስል ትዝ የሚለኝ ይህ የበረሓ ምክር ነው። በመስመሩ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ አንድ ዓይነት ሒሳብ ነው፤ በገበያው ውስጥ ግን አንዱ ምሕረት፣ ሌላው ብዝበዛ ሊሆን ይችላል።

ዋጋን አንድ ጊዜ የመናገር ልማድ በሌላ ዘመንና በሌላ አገር እንደ ገና ብቅ ይላል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር የተነሡት፣ በሃይማኖት ከእኛ የተለዩት ኩዌከሮች ልትቀበለው ካሰብኸው በላይ መጥራት ውሸት ነው ብለው በሱቆቻቸው አንድ ዋጋ ብቻ ይናገሩ ጀመር። መሪያቸው ጆርጅ ፎክስ እንደ መዘገበው መጀመሪያ ደንበኛ ሸሻቸው፤ ኋላ ግን ሕፃን ልጅ እንኳ ቢላክ እንደ አዋቂ እንደሚስተናገድ ሰዉ ሲረዳ ንግዳቸው በረታ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፓሪስ ቦን ማርሼ፣ በፊላደልፊያም የጆን ዋናሜከር መደብር ዋጋን በወረቀት ጽፎ ዕቃው ላይ መለጠፍን አስለመዱ። የእነዚህ ምክንያት ግን ኅሊና ብቻ አልነበረም። በመቶ የሚቆጠር ሻጭ ያለው መደብር እያንዳንዱ ሠራተኛ ከእያንዳንዱ ገዢ ጋር እንዲከራከር ሊተው አይችልም። ዛሬ እንደ ተፈጥሮ ሕግ የምናየው የዋጋ ወረቀት እንዲህ ያለ የቅርብ ዘመን ልማድ ነው።

ባቡርና ጨው

ጉዳዩ ከሱቅ ወጥቶ ወደ ምክር ቤትና ወደ ፍርድ ቤት የገባው በባቡር ምክንያት ነው። በአሜሪካ የባቡር ኩባንያዎች ለትልልቅ ጫኚዎች በስውር ገንዘብ ይመልሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 ሳውዝ ኢምፕሩቭመንት ካምፓኒ በተባለው ዕቅድ የተሰበሰቡት የነዳጅ አጣሪዎች፣ ከእነርሱም ዋናው የጆን ሮክፌለር ድርጅት፣ ራሳቸው ለሚጭኑት በርሜል ብቻ ሳይሆን ተወዳዳሪዎቻቸው ለሚጭኑትም በርሜል ተመላሽ ሊቀበሉ ተስማምተው ነበር። አንተ የከፈልኸው ገንዘብ ለባላንጣህ ይሰጣል ማለት ነው። ምስጢሩ ሲወጣ ሕዝቡ ተነሣ፤ ዕቅዱም በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሰ፤ ስውሩ ተመላሽ ግን አልቀረም። አንድ መሥመር ብቻ የሚያልፍባቸው የገጠር ገበሬዎች ደግሞ ለአጭር መንገድ ከረጅሙ መንገድ የበለጠ ይከፍሉ ነበር፤ ረጅሙ መንገድ ተወዳዳሪ ሲኖረው አጭሩ አልነበረውምና።

እ.ኤ.አ. በ1887 የወጣው የክፍለ ግዛቶች ንግድ ሕግ ኩባንያዎቹ ታሪፋቸውን አትመው በግልጽ እንዲያሳውቁ፣ ለአንዱ ያለ አግባብ እንዳያደሉ፣ በአንድ መሥመርና በተመሳሳይ ሁኔታ ለአጭሩ ከረጅሙ አብልጠው እንዳያስከፍሉ አዘዘ። ለእኔ የሕጉ እምብርት የመጀመሪያው ነው። ስውር የሆነ የዋጋ ልዩነት ራሱን እንዲያጸድቅ ማንም አይጠይቀውም፤ በግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ግን ለምን የሚል ሰው ይመጣል።

ከ49 ዓመት በኋላ የሮቢንሰን ፓትማን ሕግ ተከተለ። ይህ ሕግ እርስ በርሳቸው ለሚወዳደሩ ነጋዴዎች ያንኑ ዕቃ በተለያየ ዋጋ ሸጦ ውድድርን መጉዳትን ይከለክላል፤ ልዩነቱ ከእውነተኛ የወጪ ልዩነት የመጣ ከሆነ ግን ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. በ1948 ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቀረበው የሞርተን ጨው ጉዳይ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ኩባንያው በጥቂቱ ለሚገዛ አንዱን ካርቶን ጨው በ1 ዶላር ከ60 ሳንቲም፣ በዓመት ውስጥ 50,000 ካርቶን ለሚገዛ ግን በ1 ዶላር ከ35 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ኩባንያው ቅናሹ ለሁሉም ክፍት ነው ብሎ ተከራከረ። ነገር ግን በመላው አገሪቱ ያን ያህል መግዛት የቻሉት አምስት ታላላቅ መደብሮች ብቻ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ በወረቀት ላይ ለሁሉም የተከፈተ፣ በተግባር ግን የሰፈር ባለ ሱቅ ሊደርስበት የማይችል ቅናሽ ከሕጉ አያመልጥም ብሎ ፈረደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊስተዋል ይገባል። ይህ ሕግ የሚጠብቀው ነጋዴውን እንጂ ለቤቱ የሚገዛውን ሰው አይደለም። ለቤቱ ለሚገዛ ሰው የተለየ ዋጋ መጥራት በዚያ አገር በራሱ የተከለከለ አይደለም፤ የሚከለከለው በዘር ወይም በመሰል ምክንያት ሲሆን ነው፤ ይህም እንደየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1985 መኪና አጣቢዎችና የምሽት ክበቦች ለሴቶች ብቻ ይሰጡት የነበረውን ቅናሽ እንኳ ሕገ ወጥ ብሎታል።

በሌላ ወገን የሚቆሙትንም እንስማቸው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ጁል ዱፕዊ በ1840ዎቹ የሦስተኛ ማዕረግ ባቡር ለምን ጣሪያ እንደሌለው ሲጠይቅ ያገኘው መልስ የሚገርም ነው። ጣሪያው የጠፋው ወጪ ለመቆጠብ አይደለም፤ የሁለተኛውን ማዕረግ መክፈል የሚችለው ሰው ወደ ሦስተኛው እንዳይወርድ ለማስፈራራት ነው። ድኻው በዝናብ የሚመታው ባለጠጋው እንዲፈራ ተብሎ ነው። ነገር ግን ያንኑ ዘዴ ገልብጠን ብናየው ሕይወት ያድናል። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በምዕራቡ ዓለም ለአንድ ሰው በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር። ዋጋ ለሁሉም አገር እኩል ይሁን ቢባል ኖሮ አፍሪካ ሳትታከም ታልቅ ነበር። በ2001 ሲፕላ የተባለው የሕንድ መድኃኒት አምራች ለድንበር የለሽ ሐኪሞች በ350 ዶላር ሊሸጥ መስማማቱና ሌሎቹም አምራቾች ለድኻ አገሮች ዋጋቸውን ማውረዳቸው መንገዱን ከፈተ። በአገራችን መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በመካከላችን ቆመው የሚያስቀድሱ ወንድሞችና እኅቶች የዋጋ ልዩነት ያተረፋቸው ናቸው። ለሁሉም እኩል ዋጋ የሚለው መፈክር እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ጭካኔ ይሆናል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ

ወደ ራሳችን ገበያ እንምጣ። በእኛ ዘንድ ሻጭ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ፊት ያያል። አነጋገሩ ከሌላ አውራጃ መምጣቱን የሚናገርበት ሰው፣ ጫማው አዲስ የሆነ ሰው፣ ከውጭ አገር ለእረፍት የመጣች እኅት ስለ አንዱ ነጠላ የሚነገራቸው ዋጋ ይለያያል። የዲያስፖራ ዋጋ የሚባል ነገር እንደ ዋዛ እየተወራ ለቤት ኪራይም ለልብስ ስፌትም መጠሪያ ሆኗል። እህሉን ተሸክሞ የሚመጣው ገበሬም በከተማው ስንት እየተሸጠ እንደ ሆነ ሳያውቅ ለደላላ ያስረክባል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ገዢው መበለጡን ቢያውቅ የሚሰማው ቃል ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚል ነው። ይህ አባባል በታመነው ሰው ላይ ይፈርዳል፤ ኦሪት ደግሞ በከረጢቱ ላይ ትፈርዳለች።

በእርግጥ በዚህ ገበያ ውስጥ መልካም ነገርም አለ። ለቋሚ ደንበኛ የሚደረግ ቅናሽ፣ ለአሮጊት እናት ከስፍር በላይ የሚጨመርላት ምርቃት፣ ሐዘን ላለበት ቤት በመነሻው ዋጋ የሚሰጥ እህል አባ ጲስታሞን የፈቀደው ዓይነት ነው። ክርክሩ ራሱም ሁልጊዜ ኀጢአት አይደለም፤ ሁለቱም ዋጋውን የሚያውቁ ከሆነ ጨዋታ ነው፤ አንዳንዴም ቡና እስከ መጠጣት ያደርሳል። ችግሩ አንዱ ሲያውቅ ሌላው ሳያውቅ ሲቀር ነው።

ሕጋችንስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1710 ውል ለአንደኛው ወገን በጣም ስለ ጠቀመ ብቻ እንደማይፈርስ ይናገራል። ይህን ብቻ የሚያነብ ነጋዴ ደስ ይለው ይሆናል። ነገር ግን ያው ቁጥር ይቀጥላል፤ የተጎጂው ፈቃድ የተገኘው በችግሩ፣ በየዋህነቱ፣ በእርጅናው ወይም በግልጽ በሚታይ የንግድ ልምድ ማጣቱ በመጠቀም ከሆነ ፍትሕ በሚያስገድድበት ጊዜ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ከኤፍሮን በር ጀምረን ስንፈልገው የነበረው መለኪያ በአንድ የሕግ አንቀጽ ውስጥ ተቀምጦ እናገኘዋለን። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ በገበያ ላይ የበላይነት ያለው ነጋዴ ያለ በቂ ኢኮኖሚያዊ ምክንያት በደንበኞች መካከል በዋጋ ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል፤ ማንኛውም ነጋዴም የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በሚታይ ቦታ እንዲያመለክት ያዛል። የመጀመሪያው ትልቁን ድርጅት የሚመለከት ነው። ሁለተኛው ግን የሰፈሩን ሱቅ ሁሉ ይነካል። ዋጋው የተለጠፈበት ሱቅ ገብቶ ለሽማግሌ የሚቀንስ ነጋዴ ሕግ አልጣሰም፤ ሳይለጥፍ ፊት እያየ የሚጠራው ግን ጥሷል፤ ምንም እንኳ ሁለቱም በተለያየ ዋጋ ቢሸጡ።

በላሊበላ በር

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ እርሱም ወደ ደጃችን የቀረበ ነው። የቅዱስ ላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ለመጎብኘት ከውጭ አገር የሚመጡ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለዓመታት 50 የአሜሪካ ዶላር ሲከፍሉ ኖረዋል፤ ለመሳለም የሚመጣው ምእመን ግን አይከፍልም። ይህስ የእንግዳውን ሕግ መጣስ አይደለምን?

ተመሳሳዩ ጉዳይ በአውሮፓ ፍርድ ቤት ቀርቦ ያውቃል። ስፔን ሙዚየሞቿን ለዜጎቿ በነጻ ከፍታ ሌሎቹን አውሮፓውያን ታስከፍል ነበር፤ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ፈረደባት። በ2003 ደግሞ ጣሊያን በቬኒስ የሚገኘውን የዶጆች ቤተ መንግሥት ጨምሮ በሙዚየሞቿ ለራሷ ዜጎችና ለአካባቢው ነዋሪ ሽማግሌዎች ብቻ በነጻ ትፈቅድ ስለ ነበር ተመሳሳይ ፍርድ አገኛት። ጣሊያን ወጪውን የሚሸፍነው የእኛ ግብር ነው ብላ ብትከራከርም አልተሰማላትም። ሆኖም ይህ ፍርድ የቆመው የኅብረቱ አባል አገሮች አንዳቸው የሌላውን ዜጋ እኩል ሊያዩ በገቡት ቃል ኪዳን ላይ ነው፤ ከኢትዮጵያ ሄዶ ቬኒስን የሚጎበኝ ሰው በዚያ ቃል ኪዳን ውስጥ የለም።

በእኔ አስተያየት የላሊበላ ክፍያ በራሱ ግፍ አይደለም። ተሳላሚው ትኬት የሚገዛ ጎብኚ አይደለም፤ ወደ አባቱ ቤት የሚገባ ልጅ ነው። ዓመቱን ሙሉ በዐሥራቱ፣ በጉልበቱና በስእለቱ ያንን ቦታ አቁሞ ይዞታል። ጎብኚው የሚከፍለውም አስቀድሞ የታወቀ፣ ለሁሉም ጎብኚ እኩል የሆነ፣ ሳይመጣ አገሩ ሆኖ ሊያውቀው የሚችል ዋጋ ነው። ክፍያው በዛ ወይም አነሰ ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ድኻ ተማሪም ሊኖር ይችላልና እንደ ችሎታው የሚል መሥመር ቢጨመርበት ከዘሌዋውያን ጋር ይስማማል።

ያው እንግዳ ትኬቱን ቆርጦ፣ ደረሰኙን ተቀብሎ፣ ቤተ ጊዮርጊስን ተሳልሞም ይሁን ተደንቆ ይወጣል። ጥቂት እንደ ተራመደ የአንገት መስቀልና ነጠላ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ያገኛል። አጠገቡ ለገና በዓል ከሩቅ ገጠር በእግሩ የመጣ ተሳላሚም ቆሟል፤ ለልጁ አንዲት የክር ማተብና መስቀል ሊገዛ። በሱቁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዋጋ የለም። ሁለቱም ስንት ነው ብለው ይጠይቃሉ። ሻጩ ቀና ብሎ መጀመሪያ ፊታቸውን ያያል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።